ሰማንያ ቀን ያልሞላት ሕፃን መንገድ ብትወጣ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው ጀርመን ነው። ሴት ልጅ ከወለድኩ ሦስት ሳምንቴ ነው። የባለቤቴ እናት ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ዓይናቸው እየደከመ ስለሆነ «የልጅ ልጄን ሳላይ እንዳልቀር» እያሉ ነው። የባለቤቴ የዓመት ዕረፍት የሚደርሰው ልጃችን 58 ቀን ሲሆናት ነው፤ አራት ሳምንት እንቆያለን። የኔ እናት ግን «ሰማንያ ሳይሞላት፣ ሳትጠመቅ እንዴት ይዘሻት ትወጫለሽ? ኃጢአት ነው» አለችኝ። ምን ይሻለኛል? ክርስትናዋንስ የት እናስነሳ?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!

ጉዞው ኃጢአት አይደለም። ሰማንያው ቀን የተሠራው ለቤተ መቅደስ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ ለወለደች 7 እና 33፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66 ቀን ሲቆጥር፣ የሚከለክላት ወደ መቅደስ መግባትንና የተቀደሰውን መንካትን ነው። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይነግረናል። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ስታጠምቅ ያጣነው ልጅነት እንደተመለሰልን እያስተማረች ነው። አውሮፕላን አትሳፈሪ፣ ዘመድ አትጠይቂ የሚል ግን በዚህ ውስጥ የለም።

ደግሞ እመቤታችንን ተመልከቺ። ቤቷ ናዝሬት ነበር፤ የወለደችው ግን በቤተ ልሔም፣ በእንግድነት ነው። አርባው ቀን ሲሞላ ወደ ቤቷ እስክትመለስ አልጠበቀችም፤ ከዚያው ወደ ኢየሩሳሌም ወጥታ ሕጉን ፈጸመች፤ አረጋዊ ስምዖንም ሕፃኑን ታቀፈው። የካቲት 8 የምናከብረው ይህንን ነው። የጌታችን አርባ ቀን የሞላው ከቤት ርቀው ሳለ ነው ማለት ነው። የአንቺም ልጅ ሰማንያዋ ደብረ ብርሃን ላይ ቢሞላ ምን ነውር አለው? እዚያው አስነሷት። አያቷ ዓይናቸው ሳይጠፋ ክርስትናዋን ቢያዩ እኔ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

የእናትሽን ቃል ግን አታቃልዪው። እናቶቻችን አራስን ከቤት አታስወጡ ያሉት ገላዋ እስኪጠና፣ ሕፃኑም ከብርድና ከሰው ትንፋሽ እንዲጠበቅ ነው። ስለዚህ ስለ መንገዱ ሐኪም አማክሩ፤ የክትባት ቀጠሮዋን አሳልፋችሁ አትውጡ። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ብርዷ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና አዲስ አበባ አድራችሁ፣ አርፋችሁ ውጡ። ከመጠመቋ በፊት ብትታመምና ለሕይወቷ ብታሰጋ ቀን ሳትቆጥሩ ካህን ጥሩ፤ ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሕፃን ሰማንያ ጠብቁ አትልም።

አሁን የክርስትና እናቷ ነገር። እዚህ ላይ ብዙ ወላጆች ሲቸኩሉ አያለሁ፤ ያሳዝነኛልም። እዚያ ያለች የቅርብ ዘመድ ትያዝና ልጅቱ ጀርመን ስታድግ የክርስትና እናቷን በስልክ ድምፅ ብቻ ታውቃለች። በክርስትና ዕለት ይቺ ሴት ምን እንደምታደርግ ልንገርሽ። ሕፃኗን ታቅፋ ፊቷን ወደ ምዕራብ ትመልሳለች፤ ስለ ሕፃኗ ሆና ሰይጣንን ትክዳለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞራ «አምናለሁ» ትላለች። ሕፃኗ ከውኃው ስትወጣ እያለቀሰች፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ተለጥፎ፣ በነጠላዋ የምትቀበላት እሷ ናት። ይህን ቃል የሰጠች ሴት ልጅቱን ሃይማኖት ልታስተምር ዕዳ ገብታለች። እንግዲህ እናንተ በምትኖሩበት ያለች፣ እሑድ እሑድ ቅዳሴ የምታገኛት እኅት ካለች፣ አብራችሁ መሄድ ከቻለች እሷ ትያዝ። ካልቻለች ወደ ጀርመን ስትመለሱ ቢደረግ ጥቂት ቀን መዘግየቱ ጥምቀቱን አያጎድለውም። ይህንን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩበት። ደብረ ብርሃን ልታስነሱ ከወሰናችሁም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዚያን ደብር አስተዳዳሪ አነጋግሩ፤ ሰማንያው ቀን ሰሙነ ሕማማት ላይ ቢውል ክርስትና አይነሳምና። የጥምቀት ምስክር ወረቀቷንም ሳትይዙ አትመለሱ።

አንድ ነገር ሳልነግርሽ አላልፍም። ዘመድ ሲሰበሰብ «ጉሮሮዋ እንዲለሰልስ» ብሎ ቅቤ የሚያልስ፣ እንጥሏን እናስቆርጥ የሚል፣ አልፎም ግርዛት የሚያነሳ አይጠፋም። በአንዳንድ ቤት ይህ ሁሉ የሃይማኖት ሥርዓት መስሎ ይቀርባል። አይደለም! ሴት ልጅን ግረዙ የሚል የቅዱሳት መጻሕፍት ቃል የለም፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። አማትሽን አክብሪ፣ እጃቸውን ሳሚ፣ ልጅሽን ግን ከዓይንሽ አታርቂ። ይህን ቃል ከአንቺ ይልቅ ባለቤትሽ ለእናቱ አስቀድሞ ቢነግራቸው ይሻላል፤ ከልጅ አፍ ሲሆን ይቀላቸዋል።

አንቺ ራስሽ እስከ ሰማንያው ቀን ቅጽር ግቢ ደርሰሽ ከውጭ ሆነሽ ጸልዪ። በዕለቱ ካህኑ አስቀድሞ ላንቺ ይጸልይልሻል፤ ከዚያ ትገቢያለሽ። ሕፃኗ ከጥምቀቱ በኋላ ሥጋውን ደሙን ስለምትቀበል ጡት የምታቆሚበትን ሰዓት ካህኑን ቀድመሽ ጠይቂ፤ የምትለብሰው ነጭ ልብስና ማዕተቧም ከዋዜማው ተዘጋጅቶ ይደር።