ቱሊፑ የራበው ማዳበሪያ ሳይሆን ብርድ ነው

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። ብርድ አገር የምትኖር እህቴ ካቻምና የአበባ ሥር ይዛልኝ መጣች። ሽንኩርት ይመስላል። ከአንድ ከረጢት ተካፍለን እሷም እዚያ፣ እኔም እዚህ ተከልን። እኔ ያለሁበት ሞቃት ነው። አምና ጥቂቱ አጭር አጭር ሆኖ አበበልኝ። ዘንድሮ ቅጠሉ ለምለም ነው፣ አበባ ግን የለም። ማዳበሪያ ጨመርኩ፣ ውኃም አልነፈግኩትም። የእሷ ግን በረዶው ሳይጠፋ ብቅ ይላል። እንዲያውም ብርዱ እንዳይገድልባት ማታ ማታ ላስቲክ ታለብሰዋለች። መሬቴ ነው ወይስ በሽታ? ምን ልርጭበት?»

መልስ፦ እህቴ፣ የአበባውን ስም አልጻፉልኝም፣ ቀለሙንም አልነገሩኝም። ቢሆንም ጥሩ ፍንጭ ሰጥተውኛል። አንድ ዓመት አጭር ሆኖ አብቦ በሚቀጥለው ቅጠል ብቻ የሚሆን፣ ሥሩም ሽንኩርት የሚመስል ከሆነ ቱሊፕ ነው ብዬ ልነሣ። ሃያሲንት የሚባለው ሌላው ሽንኩርት መሳይ ሥር ያለው አበባም ሊሆን ይችላል። ሃያሲንት ቢሆንም መፍትሔው ያው ስለሆነ አይጨነቁ። ሽንኩርት መሳዩን ሥር ከዚህ በኋላ ኮረት እያልኩ ልጥራው።

መሬትዎን ይተዉት። በሽታም አይመስለኝም። በሽታ ቢሆን ቅጠሉ ይጣመማል፣ ነጠብጣብ ያወጣል ወይም ይጠወልጋል። እርስዎ ለምለም ነው ብለውኛል። ስለዚህ የሚረጭ ነገር አይግዙ። የጎደለው ብርድ ነው።

ቱሊፕ የዱር ዘመዶቹ ያሉት በመካከለኛው እስያ ተራሮች፣ በቲያን ሻንና በፓሚር አካባቢ ነው። እዚያ ለወራት ይበርዳል፣ አጭር ፀደይ ይከተላል፣ ከዚያ ደረቅና ሞቃት ጊዜ ይመጣል። ተክሉ የለመደው ይህን ዙር ነው። ብዙ ሰው አበባው በፀደይ የሚፈጠር ይመስለዋል። አይደለም። አበባው ቀደም ብሎ፣ ኮረቱ ሞቅ ባለ ደረቅ ቦታ ሲያርፍ፣ ውስጡ ተሠርቶ ያልቃል። ካላመኑኝ ለተከላ የደረሰ አንድ ኮረት መሥዋዕት አድርገው ከጫፉ እስከ ታች ለሁለት ይሰንጥቁት። ከነጭ ሥጋው መሀል፣ ታች ከመቀመጫው ላይ፣ ወደ ቢጫ አረንጓዴ የምታደላ በጣም ትንሽ አበባ ያገኛሉ። ልብ ብለው ካዩ ስድስቱ የወንዴ ዘንጎቿ እንኳ ይለያሉ።

ሁሉ ነገር አላት ማለት ነው። የቀራት መውጣት ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሳምንት፣ ከ9 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብርድ ያስፈልጋታል። በዚያ ጊዜ ኮረቱ ያከማቸው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ግንዱም ለመርዘም ይሰናዳል። ብርዱ ካነሰ ግንዱ አይረዝምም። አበባዋ ወይ አፈሩ ላይ ቁጢጥ ብላ ትከፈታለች፣ ወይ እዚያው ቅጠሉ መሀል ትደርቃለች። የአምናው ማጠር ከዚህ የመጣ ነው። ኮረቶቹ እህትዎ ዘንድ ሳሉ ትንሽ ብርድ ቀምሰው ይሆናል፣ ግን አልበቃቸውም።

የዘንድሮው ላይ ሌላም ነገር ተደርቦበታል። ቱሊፕ የተከሉት ኮረት ራሱ ለከርሞ አይተርፍም። አሮጌው በየዓመቱ ያልቃል፣ በቦታው ልጆች ይተካሉ። ሙቀት ባለበት አገር ቅጠሉ ቶሎ ስለሚደርቅ ልጆቹ ሳይፋፉ ይቀራሉ። ያልፋፋ ኮረት ደግሞ አያብብም። እስኪ ወጥተው ይቁጠሩልኝ። ከአንድ ኮረት አንድ ሰፊ ቅጠል ብቻ ከወጣ ኮረቱ ትንሽ ነው፣ ዘንድሮ አይጠብቁት። ሁለት ሦስት ቅጠል ወጥቶ መሀሉ ላይ የደረቀ ወረቀት የመሰለ እምቡጥ ካለ ግን ኮረቱ አቅም ነበረው፣ ብርድ አጥቶ ነው። የእርስዎ አብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ትንሽ ልቆጣ። ተክል አላብብ ባለ ቁጥር ማዳበሪያ መዝራት የሚባል ልማድ አለ። ሰው አበባ ሲያጣ መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ወደ ዩሪያ ከረጢት ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፣ ናይትሮጅን ደግሞ ቅጠል ያበዛል። እንዳሉትም ቅጠሉ ለምልሟል። ብርድ ላላገኘ ኮረት ማዳበሪያ መስጠት የተኛን ሰው ማጉረስ ነው። ለስላሳና ውኃ የጠገበ ኮረት ይበልጥ ለመበስበስ ያመቻል። «ውኃም አልነፈግኩትም» ያሉት ነገር ደግሞ ከዚሁ ጋር ተዳምሮ አስፈርቶኛል። ሁለቱንም ያቁሙ። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ውኃውን ጨርሰው ይተዉ።

ወደ መፍትሔው ልምጣ። ፍሪጅ አለዎት? እንግዲያው ብርድ አገር ቤትዎ ውስጥ አለ።

ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ኮረቶቹን በጥንቃቄ ያውጡ። አፈሩን ያራግፉላቸው እንጂ አይጠቧቸው። ዙሪያቸው 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ለብቻ ይምረጡ። መለኪያ ከሌለዎት ክር ያዙሩባቸውና ክሩን በማስመሪያ ይለኩት። ከዚህ ያነሱትን ከፈለጉ ያሳድጓቸው፣ እኔ ግን ሞቃት ቦታ ላይ ብዙ አልደክምባቸውም። የተመረጡትን በመረብ ከረጢት ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኛቸው ደረቅ ቦታ ይስቀሏቸው። ያቺ ትንሽ አበባ የምትሠራው በዚህ ወቅት ስለሆነ ወደ ፍሪጅ አይቸኩሉ። ፀሐይ ብቻ አይምታቸው።

ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። በእርስዎ አካባቢ በጣም የሚቀዘቅዘው ጊዜ የትኛው እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ተከላው እዚያ ጊዜ መጀመሪያ ላይ እንዲውል አድርገው 14 ሳምንት ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ኮረቶቹ ፍሪጅ የሚገቡበት ቀን ያ ነው። ቀኑን ከረጢቱ ላይ ይጻፉት፣ አለበለዚያ ይረሳል።

ከረጢቱ የወረቀት ይሁን፣ ወይም መረብ። አፉ የታሰረ ፌስታል አይሆንም፣ ያልበውና ይሻግታል። ቦታው የፍሪጁ ዋና ክፍል ነው፣ ከ2 እስከ 7 ዲግሪ ያለው። ፍሪዘር ውስጥ እንዳይከቱት አደራ! በረዶ የሆነ ኮረት ሲቀልጥ ይላሽቃል፣ ከዚያ በኋላ አይነሣም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በኮረቱ አጠገብ ፍራፍሬ አይቀመጥም። ፖም፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃሉ። ጋዙ አይታይም፣ ግን ኮረቱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ አበባ ይገድላታል። ኮረቱን ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም። ሲተከል ቅጠል ያወጣል፣ አበባ የለም። ሰውየው «ፍሪጅም አልሠራልኝም» ይላል። የፍራፍሬ መሳቢያውን ባዶ አድርገው ለኮረቱ ቢሰጡት፣ ፍራፍሬውንም ለእነዚያ ወራት ውጭ ቢያውሉት ከሁሉ ይሻላል። ይህ ካልሆነ ፍራፍሬው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ይቀመጥ።

ከረጢቱ ላይ «አበባ ነው፣ አይበላም» ብለው በትልቁ ይጻፉ። ቀልድ አይደለም። የዳፎዲል (እሱም ከኮረት የሚበቅል አበባ ነው) እና የሃያሲንት ኮረት መርዝ አለው፣ የቱሊፑም ሆድ ያውካል። ሽንኩርት መስሎት የሚከትፈው ሰው አይጠፋም። ሲነኩትም እጅ ሊያሳክክ ስለሚችል ጓንት ቢኖር ጥሩ ነው።

በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ከፍተው ይዳስሷቸው። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው። ላይ ላዩ ትንሽ ሻጋታ ከያዘ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ጫን ሲሉት የሚሰረጉድ ከሆነ ግን ሌላውን ሳይበክል ይጣሉት። ከጫፉ ትንሽ ነጭ ቡቃያ ቢያወጣ አይደንግጡ፣ ጥሩ ምልክት ነው።

14ው ሳምንት ሲሞላ ከፍሪጅ በወጣበት ቀን ይተከል። ኮረቱን ለቀናት ሙቅ ክፍል ውስጥ ካስቀመጡት ያገኘውን ብርድ ያባክነዋል። ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚሆን ቦታ ይምረጡ። ብርድ አገር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃል። እርስዎ ግን ከ15 እስከ 20 ያድርጉት፣ ምክንያቱም አፈር ወደ ታች ሲሄዱ ቀዝቀዝ ይላል። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ በመካከላቸው አንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይተዉ። አንድ ጊዜ አጥግበው ያጠጡና ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በገለባ ይሸፍኑት። ከዚያ በኋላ ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ሰደድ ያድርጉ። እርጥበት ካለ ውኃ አይስጡ። ውኃ የሚያቁር መሬት ከሆነ ደግሞ ታቹ ቀዳዳ ባለው ማሰሮ ይትከሉት።

ሲያብብ ቢቆርጡት ግድ የለም። ቅጠሉን ግን አይንኩት። አበባው ሲረግፍ አስቀያሚ ነው ብሎ ቅጠሉን ማጨድ፣ ወይም እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ ማሰር በየግቢው የማየው ነገር ነው። የከርሞውን ኮረት የሚያፋፋው እሱ ቅጠል ነው። ራሱ እስኪደርቅ ይታገሱት።

እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ሁሉ አድርገውም ሞቃት ቦታ ላይ ቱሊፕ ዓመት አልፎ ዓመት እየተዋለደ አይቀጥልም። ብዙ ሞቃት አገር ያሉ አትክልተኞች በየዓመቱ አዲስ ኮረት ይተክላሉ። እህትዎ እንደገና ልትልክልዎ ከሆነ ወፈር ወፈር ያለውን ትምረጥ፣ አፈርም አይያዝበት። አገር ሲሻገር የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ሊጠየቅ ስለሚችል ከመላኳ በፊት ታጣራ።

ፍሪጁም ቆጠራውም ከሰለቸዎት ብርድ የማይጠይቁ አሉ። ከናርሲስ ዘር ፔፐርዋይት የሚባለው ነጩ፣ ሽታው ኃይለኛ፣ ያለ ምንም ብርድ ያብባል። አማሪሊስም እንዲሁ። ፍሪዥያ፣ አኒሞንና ራነንኩለስ ረጅም ውርጭ አይፈልጉም፣ ለስለስ ያለ ቀዝቃዛ ወቅት ይበቃቸዋል። ቱሊፕ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካሉ ደግሞ ክሉሲያና የሚባለው ቀጭኑ ዝርያ ከሌሎቹ ይልቅ ብርዱ ለስላሳ የሆነ አገርን ይችላል። እኔ ብሆን ፔፐርዋይቱን ተክዬ ከጎኑ አሥር ቱሊፕ ፍሪጅ ውስጥ እሞክር ነበር።

የእህትዎን ነገር ልመልስ። በረዶው ሳይጠፋ ብቅ የሚለው ቱሊፕ ሳይሆን ስኖውድሮፕ ወይም ክሮከስ የሚባሉት ቀድመው የሚያብቡ ትንንሽ አበቦች ናቸው ብዬ እገምታለሁ፣ ቱሊፕ ሲያብብ ዘግየት ይላል። ስለዚህ ከረጢቱ የተደባለቀ ነበር ማለት ነው። የእርስዎ ድርሻ ውስጥም ክሮከስ ኖሮ ጨርሶ ሳይታይ ቀርቶ ይሆናል፣ እሱም ብርድ ይፈልጋልና። የእሷ አበቦች ውርጭ አይገድላቸውም። ስኖውድሮፕ ሌሊት በውርጭ አንገቱን ደፍቶ ያድርና ሲሞቅ ቀና ይላል። ላስቲኩ ነው የሚጎዳው። ጠዋት ሳይነሣ ፀሐይ ከመታው ውስጡ ይግላል፣ ላቡም ሻጋታ ያመጣል። ይልቅ በረዶው ላያቸው ላይ ይቆይ፣ ከንፋስና ከከባድ ውርጭ ይከልላቸዋል። የዳፎዲልና የቱሊፕ ቅጠል ጫፍ ቢቃጠል አበባው አይቀርም። እምቡጡ ቀለም ካሳየ በኋላ ከባድ ውርጭ ይመጣል ከተባለ ግን ለአንድ ሌሊት ስስ ጨርቅ ጣል ታድርግበት፣ ሲነጋ ታንሣው።