«ደህና ነሽ» ያልኳት ሴት

ለእናንተ፣ ዘንድሮ ነጭ ጋዋን ለለበሳችሁ ነርሶች፦

ነጻው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ለሁሉም አልነበረም። ሲዲ ፎሩ (በደሙ ውስጥ ያሉት በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ቁጥር) ከ200 የወረደ ወይም ሕመም የጠናበት ይጀምራል። ሌላውን መዝገብ ላይ ጽፈን፣ ቀጠሮ ሰጥተን እንሸኛለን።

አንዷን አልረሳትም። ሲዲ ፎሯ 412 ነበር። «ደህና ነሽ፤ መድኃኒቱ ገና ነው። ከስድስት ወር በኋላ ነይ» አልኳት። መርቃኝ ወጣች። ከሁለት ዓመት በኋላ ወንድሟ ደግፎ አመጣት። ሲዲ ፎሯ 38። «ደህና ነሽ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት? ደህና የተባለ ሰው ጤና ጣቢያ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ወዲህ ባዶ እጁን የሸኘሁት ሰው የለም። ኮትሪም፣ ሌሎች ኢንፌክሽኖችን የሚከላከለው ኪኒን፣ ለሚገባው ኮትሪሙን እሰጣለሁ። ሲያልቅበት ለመውሰድ ይመጣል፤ ሲመጣም ሳሉን፣ ላቡን፣ ክብደቱን አያለሁ። ቲቢ ያለበትን ብዙ ጊዜ የለየሁት እንዲህ ነው። ጸበል እሄዳለሁ የሚለኝን አልቆጣም። ተቆጥቼ ያጣኋቸው አሉ። «ሂድ፣ ኪኒኑንም ያዝ፤ መቼ ትመለሳለህ?» እላለሁ።

አሁን ጊዜው ተቀይሯል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ሲዲ ፎር ሳይታይ ሁሉም ይጀምር አለ። ዝግጁ የሆነ በተመረመረበት ቀን ሊጀምር ይችላል። ታዲያ መጠበቅ ቀረ? አልቀረም። የማጅራት ገትር ምልክት ያለበት መጀመሪያ እሱን ይታከማል። «እስቲ ላስብበት» የሚልም አለ። እንዲህ ያለው ሰው በሁለት ሳምንት ውስጥም ይጠፋል።

አድራሻ ስትቀበሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሰው እንዳያየው ከሌላ ከተማ የሚመጣ አለ፤ የሚሰጣችሁ ቀበሌ የሱ ላይሆን ይችላል። ስልኩን ማን እንደሚያነሳ ጠይቁ። ስትደውሉ ማን ነኝ እንድትሉ እንደሚፈልግም ጠይቁ።

አንዷ «የእቁብ ጸሐፊ ነኝ በይ» አለችኝ። ካርዷ ላይ በእርሳስ «እቁብ» ብዬ ጻፍኩ። ቀጠሮዋ አለፈ፤ ደወልኩ። ባልየው አነሳ።

«ዕጣው ወጣላት እንዴ?» አለኝ በደስታ።

«ገና ነው፤ ግን ነገ ብቅ ትበል» አልኩት።

በነጋታው ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሩ ሳይከፈት፣ ደጃፉ ላይ ቆማ አገኘኋት። እየሳቀች።