«ካን አይ» ወይስ «ሜይ አይ»? ጥያቄና መልስ ከጣና ዳር

ሰላም ናችሁ። ዛሬ ከሰዓት ጀልባ የለኝም፣ ቁጭ ብያለሁ። ከባሕር ዳር ዘጌ ቱሪስት ሳመላልስ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ በእንግሊዝኛ ስለመጠየቅ ያላችሁን አምጡ። የማወራው ስለ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ዊል፣ ዉድ፣ ሻል፣ ሹድ እና ማስት ነው። 9 ናቸው፤ ሞዳል የሚባሉ ረዳት ግሦች። ሳንጀምር አንድ ነገር ልበል። ከእነዚህ በፊት «ዱ» አይገባም፣ ከኋላቸውም «ቱ» አይከተልም። «ዱ ዩ ካን ስዊም» የለም። «ካን ዩ ቱ ስዊም» የለም። «ካን ዩ ስዊም?» አለቀ።

ባጃጅ ነጂው፦ ጋሼ፣ ፈረንጅ አድርሼ «ጊቭ ሚ መኒ» ስለው ፊቱ ይቀየራል። ምን በድዬው ነው?

መልስ፦ ያልከው «ብር ስጠኝ» ነዋ፣ ያውም ለማታውቀው ሰው። ይሄ ነገር የኔ በሽታ ስለሆነ ትንሽ ላውራ። አማርኛ አክብሮቱን ግሱ ላይ ነው የሚሸከመው። «ስጠኝ» ብለህ ለጓደኛህ፣ «ይስጡኝ» ብለህ ለአዛውንቱ። እንግሊዝኛ ይሄ የለውም። ድሮ ለአንድ ሰው፣ በተለይ ለቅርብ ሰው፣ «ዛው» የሚሉት ነበራቸው፤ ተዉት። አሁን ለንጉሡም ለውሻውም «ዩ» ነው። ታዲያ «እርስዎ» የት ገባ? ሞዳሉ ላይ ተጫነ። «ካን ዩ» ለጓደኛ ይበቃል። «ኩድ ዩ» ስትል ሰውየውን ከአንተ ወደ እርስዎ አሳደግከው። «ዊል ዩ» ደግሞ ድምፅህ ትንሽ ጠንከር ካለ ትእዛዝ ይመስላል፣ «ዉድ ዩ» ያለዝበዋል። ስለዚህ «ኩድ ዩ ፔይ ሚ ናው፣ ፕሊስ?» በለው። «ፕሊስ» ብቻውን አያድንህም። «ጊቭ ሚ መኒ ፕሊስ» ያው ትእዛዝ ነው፣ አበባ የሰካ ትእዛዝ።

የጣና ልጅ፦ «ኩድ» ያለፈ ጊዜ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አንዳንዴ ነው። «ኩድ ዩ ስዊም ዌን ዩ ወር ፋይቭ?» ስትል በ5 ዓመትህ ዋና ትችል ነበር ወይ ማለት ነው። ስትለምን ግን አይደለም። እኛስ ቢሮ ገብተን «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነበር» እንል የለ? ነበር ስላልክ ጥያቄው ትናንት ሆነ? ፈራ ተባ እያልክ ነው እንጂ። እንግሊዞቹም እንደዚያው ናቸው። መልሱ ላይ ግን ተጠንቀቅ። «ኩድ አይ ሲት ሂር?» ካለህ «የስ፣ ዩ ኩድ» አይባልም። «የስ፣ ዩ ካን» ነው። ለማኝ ይሽኮረመማል፣ ፈቃጅ አይሽኮረመምም።

ቡና አፍዪ፦ ስለ ሞዳል በደንብ አስረዳኝ እስቲ።

መልስ፦ ምኑን?

የሆቴል ልጅ፦ እንግዳ «ዉድ ዩ ማይንድ» ብሎ ሲጀምርልኝ «የስ» ልበል «ኖ»?

መልስ፦ ኧረ ይሄን አልረሳውም። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ጀልባዬ ላይ ወጥታ «ዉድ ዩ ማይንድ ኢፍ አይ ሳት ሂር?» አለችኝ። እኔ ደስ ብሎኝ «የስ! የስ!» አልኳት፣ ሁለቴ። ሴትዮዋ እስከ ዘጌ ቆማ ሄደች፣ ሰዓት ለሚሆን መንገድ። «ማይንድ» ማለት ቅር መሰኘት ነው። «እዚህ ብቀመጥ ቅር ይልዎታል?» ነው ያለችኝ። እኔ «አዎ! አዎ!»። ስለዚህ ስትፈቅዱ «ኖ፣ ኖት አት ኦል» ነው። ሌላውን ሰው አድርግልኝ ስትሉ ደግሞ ግሱ ላይ «ኢንግ» ይጨመራል፦ «ዉድ ዩ ማይንድ ዌይቲንግ?»

ባጃጅ ነጂው፦ ሃሃሃ ጋሼ፣ ሴትዮዋ ጉርሻ ሰጠችህ?

መልስ፦ ቀጣይ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው የኖርኩት። ፈቃድ ሲጠየቅ «ካን አይ» ስህተት ነው። ካን ችሎታ ነው። «ሜይ አይ ጎ አውት፣ ቲቸር» ስትሉ አልነበር ያደጋችሁት?

መልስ፦ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ጋሼ፣ እኛም በር ላይ ቆመን «መግባት ይቻላል?» እንላለን። ጉልበት አለኝ ወይ ማለታችን አይደለም። «ካን አይ» ለፈቃድም በየቤቱ፣ በየሱቁ ይባላል። «ሜይ አይ» የክት ልብስ ነው። ያምራል፣ ግን ሽንኩርት ልትገዛ አትለብሰውም።

ጡረተኛው፦ እንግዲያው ክብራን ገብርኤል ደጅ ሴት ቱሪስት «ካን አይ ጎ ኢን?» ብትል? እግሯማ ይችላል። የሌላት ፈቃድ ነው።

ሄዋን፦ ቆይ፣ ሴት ለምንድነው የማትገባው?

የዘጌ ልጅ፦ የገዳሙ ሥርዓት ነው። አጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ ትገቢያለሽ። እኛ ጋ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም ይገባል፣ ሥዕሉን አይተሽ ቡናችንን ጠጥተሽ ትመለሻለሽ።

ሄዋን፦ ለምን አልኩ እንጂ የት አላልኩም።

የዘጌ ልጅ፦ ሥርዓት ነው አልኩሽ እኮ።

መልስ፦ ሰዎች፣ ጥያቄው ሞዳል ነው! ጋሼ፣ ሴትዮዋ «ካን» አለች «ሜይ» አለች መልሱ «ሶሪ» ነው። እንለፈው።

ተማሪ፦ «ሜይ ዩ ሄልፕ ሚ?» ልክ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ፈቃድ ስትጠይቅ «ሜይ» የሚሄደው ከ«አይ» እና ከ«ዊ» ጋር ነው። «ሜይ ዩ» ብለህ ከጀመርክማ ምርቃት ነው። «ሜይ ዩ ሊቭ ሎንግ»፣ ዕድሜ ይስጥህ። እርዳታ ስትፈልግ «ኩድ ዩ»።

የሆቴል ልጅ፦ ሻንጣ ልያዝልዎት ለማለትስ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ጥያቄ እንዲህ ነው! «ሻል አይ ቴክ ዩር ባግ?» የኛ «ል» ናት በቃ፦ «ልያዝልዎት?»፣ «ልክፈተው?»። «ሻል ዊ ጎ?» ደግሞ «እንሂድ?»። አሜሪካኖች «ሻል»ን እምብዛም አይሉትም፣ ቢሰሙት ግን ይገባቸዋል። ምክር ስትፈልግ «ሹድ አይ» ነው። «ሹድ አይ ቴክ አ ጃኬት?»፣ ጃኬት ብይዝ ይሻላል?

ተጓዥ፦ ለአይኤልትስ ስንት ሞዳል ይበቃል?

መልስ፦ የፈተና ሰው አይደለሁም።

የጣና ልጅ፦ «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ኢዝ ዘ ቦት?» ብዬ ጠይቄ ፈረንጁ አረመኝ። ምኑ ነው?

መልስ፦ «ኢዝ» ቸኩላ። መገልበጡን «ኩድ ዩ» ላይ ጨርሰሃል፣ አንድ ጊዜ ይበቃል። «ኩድ ዩ ቴል ሚ ዌር ዘ ቦት ኢዝ?»

ሄዋን፦ እኔ ግን እስካሁን አልተመለሰልኝም።

ጡረተኛው፦ እኔም በ«ሜይ» ላይ አላመንኩም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የደረስኩት። «ዱ ዩ ካን ስፒክ አማሪክ» ይባላል?

መልስ፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።