የበረንዳ አምፖል ስር ያነሳሻቸው የእሳት እራቶች

ሰላም እህቴ። የእሳት እራቶቹን ፎቶ ልከሽ «እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው? ትንሿ በቆሎዬን የሚጨርሰው ተምች ትሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ኮተቤ ጓሮዬ ውስጥ ክረምት ከበጋ ማታ ማታ አምፖል ስር ተጎልቼ ካየሁት ልመልስልሽ።

ትልቁ አያከራክርም፤ በሳይንሳዊ ስሙ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ይባላል። የላይኛው ክንፉ እንደ ዛፍ ቅርፊት ግራጫ ስለሆነ ግንድ ላይ ቢያርፍ አይለይም። አንቺ ስታነሺው ግን ክንፉን ከፈት አድርጎ ኖሮ፣ ሆዱ ግራና ቀኝ ያሉት ሮዝና ጥቁር ሽንትሮች ታይተዋል። እነሱ ናቸው ያጋለጡት። አመሻሽ 1 ሰዓት ገደማ አስተናግር አበባ አጠገብ ብትቆሚ፣ ሳያርፍ አየር ላይ ተንሳፍፎ ከገላው የሚረዝም ምላሱን ሰዶ ሲመጥ ታገኚዋለሽ። ትሉ የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል እንጂ እሱ አይነድፍም፣ አይመርዝም። ጀርባው ላይ የራስ ቅል የመሰለ ቢጫ ምልክት ካየሽ ግን ያ ሌላ ነው። ቀፎ ገብቶ ማር የሚሰርቀው እሱ ነው፤ ሲይዙትም እንደ አይጥ ሲጥ ይላል። እኔ መጀመሪያ የያዝኩት ቀን ደንግጬ ስልኬን ከእጄ ጥያለሁ።

ወደ ትንሿ ስንመጣ፣ በዚህ ፎቶ አልፈርድም። ምክንያት አለኝ። የአሜሪካ መጤ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ ቡናማ የእሳት እራት ሁሉ እሱ ይመስለኝ ነበር፤ ለጎረቤቴም «ተምች ነው» አልኳት። እሷም አምናኝ ያቺን አንድ መደብ በቆሎ መድኃኒት ረጨቻት። ኋላ ቅጠሉን ገልጠን ብናይ አንድ ትል የለም። እስካሁን ታነሳብኛለች።

ወንዱ ተምች አድጎ የእሳት እራት ሲሆን የላይኛው ክንፉ ጫፍ አካባቢ ነጭ ጠቃጠቆ አለው፤ ሴቷ ግን ደብዛዛ ናት፣ ከብዙ ዘመዶቿ በፎቶ አትለይም። ስለዚህ ከአምፖሉ ይልቅ በቆሎሽን እዪ። ገና ያልተዘረጋው መሃል ቅጠል ውስጥ እርጥብ ሰጋቱራ የመሰለ ኩስ ካለ ፈልፍለሽ ትሉን አውጪ። ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ፣ ጅራቱ አካባቢ ደግሞ አራት ማዕዘን የሠሩ አራት ጥቁር ነጥቦች ካሉት፣ ያኔ ተምች ነው።

ፎቶውን በተመለከተ፣ ፍላሹን ተዪው፤ ክንፉን ያነጣዋል። እኔ ማታ ነጭ አንሶላ ከአምፖሉ ፊት ለፊት እሰቅልና ንጋት 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ። የአዲስ አበባ ብርድ ስላደነዘዛቸው ለመብረር መጀመሪያ ክንፋቸውን ማንቀጥቀጥና መሞቅ አለባቸው፤ እስከዚያ የፈለግሽውን ያህል ታነሺያለሽ። ከላይም ከጎንም አንሺ፣ አንቴናው ይታይ፣ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጪ። የስልኩ መተግበሪያ ስም ሲሰጥሽ ቶሎ አትመኚው፤ ለኔ አንዴ ደቡብ አሜሪካ ብቻ የሚኖር ነፍሳት ስም ሰጥቶኛል።

በቆሎውን ካየሽ በኋላ የትሉን ግንባር በቅርበት አንስተሽ ላኪልኝ።