ስለ ጤና በምክር ቤት ለመናገር ለምትዘጋጁ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ ከእናንተ መካከል በተቃዋሚ ፓርቲ ውስጥ ያላችሁ፣ ነገ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የምትወዳደሩ፣ ወይም ለተመረጠ ሰው ጥያቄ የምታዘጋጁ አላችሁ። በ2013ቱ ምርጫ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ ነው ያገኙት። እንዲህ በጥቂቱ ለሚገባ ወገን የሚደርሰው ደቂቃም ጥቂት ነው። ስለዚህ የጤና ፖሊሲውን ለመተቸት ስትነሡ አሥር ጥያቄ አትደርድሩ፤ ሚኒስትሩ ቀላሉን ይመልሱና ሰዓቱ ያልቃል። አንዱን ያዙና እስከ ሥሩ ዝለቁት።

የመድኃኒት እጥረትን እንውሰድ። "በወሎ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት ይጠፋል" ብትሉ እውነት ነው። መልሱ ግን ከወዲሁ የታወቀ ነው፤ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ተገዝቶ ተሰራጭቷል፣ ተቋማቱም የጠየቁትን ከመንግሥቱ መድኃኒት አቅራቢ የደሴ ቅርንጫፍ ወስደዋል ይባላል። ይህም ውሸት ላይሆን ይችላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጥያቄው በሚሞላበት ቅጽ ላይ ነውና።

ጤና ጣቢያ የሪፖርትና የጥያቄ ቅጹን በየሁለት ወሩ ይሞላል። ሊይዝ የሚገባው ከፍተኛ ክምችት የ4 ወር፣ ዝቅተኛው የ2 ወር ነው። ለስኳር ሕመም የሚሰጠውን ሜትፎርሚን ተመልከቱ። በ60 ቀን ውስጥ 800 ፍሬ ታደለ፤ ከ60ው ቀን በ20ው ግን መደርደሪያው ባዶ ነበር እንበል። ትክክለኛው ስሌት 800ን በ120 (በ4 ወሩ ቀናት) አባዝቶ ለ40 (መድኃኒቱ ለነበረባቸው ቀናት) ማካፈል ነው፤ ከፍተኛው ክምችት 2,400 ፍሬ ይሆናል፤ ከዚህ ላይ በእጅ ያለው ተቀንሶ ቀሪው ይጠየቃል። ባዶ የነበሩት ቀናት ሳይጻፉ ከቀሩ ግን ለ60 ይካፈልና 1,600 ይወጣል። 800 ፍሬ በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው፤ በቀን ሁለት ፍሬ ለሚውጡ 10 ሰዎች የ40 ቀን መድኃኒት። በቀጣዩ ዙር ቶሎ ያልቃል፣ የታደለው መጠን ይበልጥ ያንሳል፣ ጥያቄውም አብሮ ያንሳል። እጥረቱ ራሱን እየደበቀ ይሄዳል።

ስለዚህ ወደ ምክር ቤት የምትወስዱት ማስረጃ ቢን ካርዱ ላይ፣ ማለትም የመድኃኒቱ ገቢ፣ ወጪና ቀሪ በሚመዘገብበት ካርድ ላይ፣ ያለው ቀን ነው። ቀሪው 0 የሆነበትን ቀንና ቀጥሎ መድኃኒት የገባበትን ቀን እዩና መሐሉን ቁጠሩ። ከአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ አትውሰዱ፤ ከከተማ፣ ከቆላና ከደጋ አንዳንድ ጨምሩ፣ ለምሳሌ ከኮምቦልቻ፣ ከቃሉና ከደላንታ። መረጃውን በወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በኩል በደብዳቤ ጠይቁ። የፋርማሲ ባለሙያዋን ወይም የታማሚውን ስም በአደባባይ አታንሡ፤ እነሱ ነገም እዚያው ናቸው፣ እናንተ ግን ተመላሾች ናችሁ።

ቀጥሎ ገንዘቡን ተከተሉ። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ ወሎ ይህን ጉዳይ ከሥሩ ያውቀዋል። አባሉ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል፣ ጤና ጣቢያው ያክመዋል፣ ወጪውን ለመድኅኑ ጽሕፈት ቤት ያቀርባል። ክፍያው ሲዘገይ ጤና ጣቢያው ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ገንዘቡ፣ መድኃኒት ሸጦ መልሶ የሚገዛበት፣ ይነጥፍበታል፤ ለአቅራቢው ያለበትን ዕዳ መክፈል ሲያቅተው አዲስ መድኃኒት ማውጣት ይቸገራል። አባሉ ማዘዣውን ይዞ ወደ ግል ፋርማሲ ይሄዳል፣ ከኪሱ ይከፍላል፣ በዓመቱም መታወቂያውን ሳያሳድስ ይቀራል። ጤነኛው ሲወጣና ሕመምተኛው ሲቀር መድኅኑ ይከስራል። እዚህ ላይ ሚኒስትሩን "መድኅኑ ተሳክቷል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ከንቱ ነው። "የታካሚዎች ወጪ ከቀረበ በኋላ እስኪከፈል በአማካይ ስንት ቀን ይፈጃል? አባልነታቸውን ያላሳደሱትስ ስንት ናቸው?" በሉ። ይህ በቁጥር ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ነው።

ማንን እንደምትጠይቁም ለዩ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51(3) የፌዴራሉ መንግሥት የጤናን አገር አቀፍ መመዘኛና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ ያወጣል። የጤና ጣቢያ ነርሶች ደመወዝና የዲውቲ (የትርፍ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያ ግን ከክልልና ከወረዳ በጀት ነው የሚወጣው። ስለ ዲውቲ ሚኒስትሩን ብታፋጥጡ "ይህ የክልሉ ነው" ይላሉ፤ ልክም ናቸው፤ የእናንተ ደቂቃ ባከነ። ያንን ጥያቄ ለባሕር ዳሩ ምክር ቤት ስጡት።

በጀት ላይ አንድ ነገር ልበልና ልለፍ። "በ20 በመቶ ጨምሯል" ሲባል የዋጋውን ንረት ጠይቁ። የመድኃኒት ዋጋ በ30 በመቶ ከወጣ፣ ያ በጀት የሚገዛው መድኃኒት በ8 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተቀየረ ወዲህ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒትን በብር ብቻ መቁጠር ያሳስታል። የአፍሪካ መንግሥታት ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ለማዋል በ1993 አቡጃ ላይ የገቡትን ቃል የምትጠቅሱ ከሆነ ደግሞ መቶኛው የፌዴራሉን በጀት ብቻ ይሁን ከክልሎቹ ጋር ተደምሮ አስቀድማችሁ ወስኑ፤ አለዚያ በዚያች ቀዳዳ ያመልጧችኋል።

በጦርነቱ ስለተዘረፉት ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች ስትናገሩ "ሥራ ጀምሯል" የሚለውን አትቀበሉ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ይሠራል? ማዋለጃ አልጋው አለ? ሌሊት መብራት አለ? ሕንጻው ተጠግኖ እነዚህ ከሌሉ እናቲቱ አሁንም በቃሬዛ ወደ ከተማ ናት፤ ይህ ሊያንገበግባችሁ ይገባል።

በምክር ቤቱ ውስጥ ለሰጣችሁት አስተያየት እንደማትከሰሱ አንቀጽ 54(5) ይደነግጋል። ጥበቃው በምክር ቤቱ ውስጥ ለተባለው ነው፤ ውጭ ለምትጽፉት ተመሳሳይ መከታ አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ደግሞም የዋና ኦዲተሩ ሪፖርት ለዚያው ምክር ቤት ነው የሚቀርበው፤ በጥያቄያችሁ ላይ የእሱን ግኝት ከቢን ካርዱ ጎን አስቀምጡት።

ሚኒስትሩ "እየሠራንበት ነው" ካሉ መልሱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ መስፈሩን አረጋግጡ፣ ወደዚያው ጤና ጣቢያ ተመልሳችሁ ባዶ ቀናቱን እንደገና ቁጠሩ። በቀጣዩ ሪፖርት ላይ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይታችሁ ያንኑ ጥያቄ ድገሙት።