ሽቅብና ቁልቁል ስንተኩስ ጥይቱ ለምን ከላይ ይመታል?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? እኔ ሜዳ ላይ 300 ሜትር ድረስ ኢላማ አልስትም፣ ዳገት ላይ ያለ ነገር ስተኩስ ግን ጥይቱ በላይ በላዩ እያለፈ አስቸገረኝ። አንዱ ጓደኛዬ ሽቅብ ከሆነ ከፍ ቁልቁል ከሆነ ዝቅ አርገህ አነጣጥር ይለኛል፣ ሌላው ደሞ ተቃራኒውን። የማንን ልስማ?

መልስ፦ የሁለቱንም ተወው ወንድሜ 😄 ሽቅብም ተኮስክ ቁልቁል ጥይቱ የሚመታው ከላይ ነው፣ ስለዚህ በሁለቱም ሜዳ ላይ ከምታነጣጥርበት ዝቅ ትላለህ።

ነገሩ የመሬት ስበት ነው። ሜዳ ላይ ጥይቱ አግድም ስለሚሄድ ስበቱ በሙሉ ከተተኮሰበት መስመር ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ስኮፕህም (የማነጣጠሪያ መነጽርህ) የተስተካከለው ለዚህ ነው። አፈሙዙ ሲያዘነብል ግን የስበቱ ከፊል ጥይቱን ሽቅብ ሲሆን ለማዘግየት ቁልቁል ሲሆን ለማፍጠን ይውላል (እሱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም)፣ ከመስመሩ የሚያወርደው ቀሪው ብቻ ነው፣ ስኮፑ ደሞ ይሄን አያውቅም።

ስለዚህ የለካኸውን ርቀት አፈሙዙ ከአግድም ባዘነበለበት ማዕዘን ኮሳይን አባዛው፦ ለ20 ዲግሪ 0.94፣ ለ30 0.87፣ ለ45 0.71። 300 ሜትር በ30 ዲግሪ ማለት 260 አካባቢ ነው፣ እንደ 260 አድርገህ ተኩስ። ርቀቱ ሲበዛ ግን ርቀቱን ትተህ ክሊኩን (የስኮፑን ማስተካከያ ቁልፍ ስታዞር የምትቆጥረውን እርምጃ) ማባዛት ይሻላል፣ ለሜዳ 20 ክሊክ የሚፈልግ ከሆነ በ30 ዲግሪ 17 ስጠው። ንፋስን ግን እንዳትቀንስ! ጥይቱ አየር ላይ የሚሄደው ሙሉውን ርቀት ስለሆነ ንፋሱም የሚገፋው በሙሉው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሂሳቡ ላይ ሳይሆን ማዕዘኑን በአይን ሲገምት ነው፣ 20 ዲግሪ ዳገት ስር ቆመህ ስታየው 40 ይመስልሃል፣ ከዛ ያለቅጥ ዝቅ ትልና ከታች ትመታለህ። ስልክህ ላይ ማዕዘን የሚለካ አፕ አለ፣ በሱ ለካው። ማዕዘን የሚያሰላ ሬንጅ ፋይንደር (የርቀት መለኪያ መሣሪያ) ካለህማ አስልቶ ይነግርሃል፣ ደግመህ እንዳታባዛው ብቻ። ከ100 ሜትር በታች ከሆነ ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ አትጨነቅ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሽቅብ ስትተኩስ ከኢላማው ኋላ አፈር ወይ ገደል ከሌለና ሰማይ ብቻ ከታየህ አትተኩስ፣ የሳተ ጥይት ከተራራው ማዶ ኪሎሜትሮች ሄዶ ነው የሚያርፈው።