ፎርማት የማያጠፋው ነገር

አይቲ ተምራችሁ የመጀመሪያ ሥራችሁን የያዛችሁ ልጆች፣ ወይም በቤታችሁ «ኮምፒውተር የሚያውቀው ልጅ» ተብላችሁ የአክስት የአጎት ላፕቶፕ ሁሉ የሚጫንባችሁ፣ አንድ የተሸነፍኩበትን ቀን ልንገራችሁ።

ከሃያ ዓመት በላይ የሰው ኮምፒውተር ስጠግን ኖሬያለሁ። የዛሬ ጥቂት ዓመት ፋይናንስ ክፍል ያለች ባልደረባዬ ጠራችኝ። ጎግል ላይ የምትፈልገውን ስትጽፍ የማታውቀው ገጽ ላይ ይጥላታል። አንቲቫይረስ አስኬድኩ፤ ንጹሕ ነው አለኝ። ሌላ ጫንኩ፤ እሱም ያንኑ ደገመልኝ። በመጨረሻ እኛ ጋ የሁሉ በሽታ መድኃኒት ወደሆነው ሄድኩ፤ ፎርማት። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ፣ ክሮምን ከፈተች፣ በአካውንቷ ገባች፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ያው ገጽ ተመልሶ ከች። አፈርኩ።

ለካ ጥፋተኛዋ ፒዲኤፍ ወደ ወርድ የምትቀይርባት አንዲት ትንሽ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ክሮም ላይ የምትጨመር ትንሽ ፕሮግራም፣ ናት። ሲንክ ከበራ፣ በአካውንታችሁ ስትገቡ ክሮም ቡክማርክና ፓስወርድ ብቻ ሳይሆን ኤክስቴንሽኖቻችሁንም ይመልስላችኋል። እኔ ዲስኩን አጥባለሁ፣ ሲንክ ቆሻሻውን ይመልሳል። ማን የጫነላት ይመስላችኋል? እኔው። ከሁለት ዓመት በፊት። ያኔ ደህና ነበረች።

«ያኔ ደህና ነበረች» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ።

ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል የክሮም ኤክስቴንሽን ነበር። ሠላሳ ታብ ከፍቶ ራም ለሚያልቅበት ሰው፣ ሥራ የፈቱትን ታቦች ያስተኛለታል። ኮዱ ክፍት ነው፣ ተጠቃሚው ከ2 ሚሊዮን በላይ። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የሠራው ሰው ሸጠው። ገዢው ማን እንደሆነ ተጠቃሚው አያውቅም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የወጣው አዲሱ ቨርዥን፣ ለሕዝብ ክፍት በሆነው ኮድ ውስጥ የሌለ፣ ከውጭ ሰርቨር ኮድ እያመጣ ማስኬድ የሚችል ነገር ይዞ ተገኘ። ጎግል ያጠፋው በፌብሩዋሪ 2021 ነው። ሲጠፋ ደግሞ የተኙት ታቦች አብረውት ሄዱ፤ ስንቱ ሰው ሥራውን ፍለጋ ሂስትሪ ሲያገላብጥ ዋለ።

ሲሸጥ ለምን ማንም አልጠየቀንም? ኤክስቴንሽን ራሱን በራሱ ነው አፕዴት የሚያደርገው። ክሮም ቆም አድርጎ የሚጠይቃችሁ አዲሱ ቨርዥን ተጨማሪ ፈቃድ ሲፈልግ ነው። እኛ ደግሞ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን ዳታችሁን ማንበብና መቀየር» የሚለውን ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ሳናነብ፣ እሺ ብለናል። ከዚያ በላይ ምን ይጠየቃል? የምታምኑት ዘበኛ የግቢውን ቁልፍ እንደያዘ ሥራውን ለማታውቁት ሰው ሸጦ ሄደ እንበል። ማታ በሩ ላይ ያው ካፖርት፣ ያው ዱላ ይታያችኋል። ውስጡ ያለው ሰው ግን ሌላ ነው።

ፈቃዱ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ እንዳታጋንኑብኝ። በየገጹ አማርኛ የሚያስጽፍ ኤክስቴንሽን የምትጽፉበትን ገጽ ሳይነካ ሊሠራ አይችልም። ብዙው ማስታወቂያ ማገጃም እንደዚያው። ግን ገጹን ካየ የባንክ ገጻችሁንም ያያል። ክሮም እስከ 2023 አድራሻው አጠገብ ያሳያት የነበረችው የቁልፍ ምልክትም እዚህ አታድንም፤ እሷ የምትጠብቀው ከእናንተ እስከ ድረ ገጹ ያለውን መንገድ ነው፣ ኤክስቴንሽኑ ግን ቤት ውስጥ ተቀምጧል።

ባለቤቱ ባይሸጠውስ? ሳይበርሄቨን የሚባል ድርጅት አለ። ሥራው፣ ይገርማችኋል፣ የድርጅቶች ዳታ እንዳይወጣ መጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 24 ቀን 2024 አንድ ሠራተኛው ከጎግል የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው፤ ኤክስቴንሽናችሁ ከስቶሩ፣ ማለትም ከክሮም የኤክስቴንሽን መደብር፣ ሊነሳ ነው ይላል። ደንግጦ ሊንኩን ተጫነና «ፍቀድ» አለ። ፓስወርዱ አልተሰረቀም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ነበረው። ሌቦቹ ኤክስቴንሽኑን እንዲያስተዳድሩ ሳያውቅ የሰጠው ፈቃድ ብቻ በቃ። በማግስቱ፣ ፈረንጅ ገና ሲያከብር፣ የተመረዘው ቨርዥን ወጣ። 400,000 ያህል ተጠቃሚ የነበረው ኤክስቴንሽን ነው። አንድ ቀን ያህል ቆይቶ ተነሳ። የሌቦቹ ዓይን በተለይ ያረፈው የፌስቡክ ማስታወቂያ አካውንቶች ላይ ነበር፤ የሰው ፔጅ እያስተዳደራችሁ ቡስት የምታደርጉ ልጆች ይህቺን ልብ በሉ።

«እኔ እኮ የመግቢያ ኮድ በስልኬ ነው የሚመጣልኝ» እንዳትሉኝ። መሥሪያ ቤት በር ላይ መታወቂያ ሰጥታችሁ ባጅ ትቀበሉ የለ? ከዚያ በኋላ ውስጥ ማንም መታወቂያ አይጠይቃችሁም፣ ባጁን አይቶ ያሳልፋችኋል። አንዴ ከገባችሁ በኋላ ድረ ገጹ ብሮውዘራችሁ ውስጥ የሚያስቀምጠው ኩኪ የሚባል ትንሽ መረጃ ያ ባጅ ነው። ባጁን የወሰደ ሰው ብዙ ጊዜ በሩ ጋ መሰለፍ አያስፈልገውም።

እኔ አሁን ምን አደርጋለሁ? ለባንክና ለሥራ ኢሜይል ምንም ኤክስቴንሽን የሌለበት ለብቻው የክሮም ፕሮፋይል ከፍቻለሁ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የቀሩትን ኤክስቴንሽኖች የገጽ ፈቃዳቸውን «ጠቅ ሳደርጋቸው ብቻ» ወደሚለው አዙሬያለሁ። ፒዲኤፍ በዓመት ሁለቴ ለምቀይር ሰው ሁልጊዜ የተቀመጠ ተቀያሪ ምን ያደርግልኛል? ደግሞ ከስቶሩ ተነሳ ማለት ሁልጊዜ ከላፕቶፓችሁ ወጣ ማለት አይደለም፤ ራሳችሁ ገብታችሁ አጥፉት፣ ከዚያ ከሁሉም አካውንት ውጡና እንደገና ግቡ፣ ፓስወርዱንም ቀይሩ።

ሌላ ሰው ላይ ስትጭኑ ደግሞ ዋስ መሆናችሁ ነው። ለማን ምን እንደጫናችሁ ዝርዝር ያዙ። ያቺን ልጅ ያን ቀን «ምን ነክተሽ ነው?» ብዬ ጮኬባት ነበር፤ ምንም አልነካችም። በኋላ ቡና ጋብዤ ይቅርታ ጠየቅኋት።

ትናንት የራሴን ኤክስቴንሽን ዝርዝር ከፈትኩ። ዘጠኝ ነበሩ፣ ሦስቱን መቼ እንደጫንኳቸው ራሱ አላስታውስም። አሁን ሁለት ቀርተዋል። ሁለተኛውንም እያሰብኩበት ነው።